የቆርቆሮው ቤት ሥዕሎች

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

ሰላምታዬ የምትኖርበትን ፎቅ ደረጃ ወጥቶ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ሚስትህስ? ትንሿ ልጅህ ሳሏ ለቀቃት? እኔ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። ሩዙ ገብቷል፤ አይጥ ካልቀደመን ለዓመቱ ይበቃናል። ለሙታኖቻችን በዓል ያረድነው ያን የምትወደውን ቦቃ በሬ ነው። ከማርጀቱ የተነሣ ሥጋው ጥርስ ያወልቅ ነበር፤ ቢሆንም ያላመሰገነ ሰው የለም።

ዘንድሮ ብርዱ ክፉ ነውና እግርህን ጠብቅ። ያ አዛይ ጣትህ እንዴት ነው? ልጆች ሆነን ወንዝ ዳር ስንታጠብ፣ አውራ ጣትህ ጎረቤቱን ጣት አዝሎ ስለሚሄድ «ሕፃኑን አውርድለት፣ ደክሞታል» እያልኩ አስለቅስህ ነበር። ያን ጊዜ ከማን እንደወረስከው አላውቅም። ያወቅኩት አባታችን በመጨረሻ ሲታመም፣ ዕድሜ ልኩን ከማያወልቀው ጫማ ውስጥ እግሩን አውጥቼ ሳጥብ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ ሥዕሎቹን ተቀብላ እንድትመለስ አንተው የላክሃት የወረቀት ባለሙያዋ ወይዘሪት ሃንታ ናት። ባዶ እጇን ስትመለስ አይተህ እንዳትቆጣት። የታዘዘችውን ሁሉ አድርጋለች፤ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ቁጣህን ለእኔ አስቀምጥልኝ፤ ጡት ሳትጥል ጀምሮ ለምጄዋለሁ።

የላክህልኝን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። የአጎታችን የራትሲምባ ሥዕሎች በፈረንሳዮች ላይ ለተነሣው አመፅ ሃምሳኛ ዓመት ባሕር ተሻግረው በፈረንሳይ ሙዚየም በመስታወት ውስጥ ይታያሉ፤ ከሥራቸው የሚለጠፈውንም ጽሑፍ የምታሰናዳው አንተ ነህ። ረቂቁ «ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ በከሰል፣ አንዱ በምሥጢር፣ ለማዳጋስካር ነፃነት ጎን ለጎን ቆሙ» ይላል። በከሰል የተባለው ራትሲምባ ነው። በምሥጢር የተባለው አባታችን መሆኑ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ከሩዝ ማሰሮው ሥር አስቀመጥኩት። እመለስበታለሁ።

እናታችን ልትሞት ስትል የነገረችንን አንተ እያለቀስክ ስለነበር ግማሹን የሰማህ አይመስለኝም። ልድገምልህ። ራትሲምባ የሱቅ ሰሌዳና የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይሥል የነበረ ሰው ነው። በአመፁ ዓመት ፈረንሳዮች ይዘው አምቡሲትራ እስር ቤት አስገቡት። እዚያም ከወጥ ቤቱ ከሰል እየለቀመ፣ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ የተረሳ ወረቀት እየሰረቀ፣ አብረውት የታሰሩትን ሰዎች ፊት ሣለ። በእያንዳንዱ ሥር የሰውየውን ስም ጻፈ። እናታችን ሩዝ ስታደርስ፣ ባዶውን ቅርጫት ስትመልስ፣ ሥዕሎቹን ከተነጠፈው የሙዝ ቅጠል ሥር አድርጋ አወጣቻቸው። ከዚያ እሱንም እነሱንም ረሸኗቸው። አስከሬን አልሰጡም። ጉድጓዱ የት እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

አስከሬን ከሌለ መቃብር የለም፤ መቃብር የሌለው ሙት ደግሞ በየሰው ደጃፍ ሲንከራተት ይኖራል። እናታችን ይህን አልፈቀደችም። ወረቀቶቹን ጠቅልላ የሐር መግነዝ አለበሰችና ራትሲምባ ነው ብላ በቤተሰቡ መቃብር ውስጥ ከአባቶቹ ጎን አስተኛችው። ያወቁት አብረዋት ያለበሱት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ሴቶቹም አፋቸውን የሚጠብቁ ነበሩ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ መቃብሩ በተከፈተ ቁጥር ሙታኖቻችንን አዲስ ሐር ስናለብስ፣ ራትሲምባንም በአሮጌው ላይ አዲስ እየደረብንለት፣ በትከሻችን ተሸክመን ስንጨፍር ኖርን። «ራትሲምባ ቀላል ነው፤ በሕይወቱም ቀጭን ነበር» ሲሉ ስንቴ ሰምተሃል።

ዘንድሮ መቃብሩን ስንከፍት የማዕዘኑ ድንጋይ ተሰንጥቆ ዝናብ ገብቶ አገኘን። የራትሲምባ ጥቅል በውሃ ርሷል። ወንዶቹ ብድግ አድርገው ወደ ፀሐይ ሲያወጡት ከሥሩ ጥቁር ውሃ ተንጠባጠበ። መለከት ነፊዎቹ አቆሙ። አንዷ ልጅ ጮኸች። ሽማግሌው ራንድሪያ በበትራቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው፣

«ራትሲምባ በርዶታል። እርጥብ ልብሱን አውልቁለት» አሉ።

ወደ ቤት ወስጄ ብቻዬን ልፈታው እችል ነበር። ሃንታም በጆሮዬ እንዲህ እንዳደርግ ለመነችኝ። አንተም ያዘዝካት በምሥጢር ተቀብላኝ እንድትሄድ ነበር አሉ። እኔ ግን እናታችንን አሰብኩ። የወታደር ሳንጃ ባለበት በር በቅርጫት ሥር ያወጣችውን ነገር እኔ በገዛ ግቢዬ የምደብቀው ማንን ፈርቼ ነው? እዚያው ሰው ሁሉ እያየ ስንደርብለት የኖርነውን ሐር አንድ በአንድ እየገለጥኩ ፈታሁት። መጨረሻ ላይ እናታችን የሸመነችው ጨርቅ ላይ ደረስኩ፤ በውስጡም አጥንት የለም፤ ወረቀት ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ከዚያ ያ ቀልደኛው ጎረቤታችን ራቤ የሣር ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣

«ለዚህ ነዋ የማይከብደው! እኔ ደግሞ ኃጢአት ስለሌለበት መስሎኝ ስቀና ኖርኩ» አለ።

ሰው ሳቀ፤ ራንድሪያም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ፣ «የሰው ፊት ያመጣልን እሱም ሰው ነው፤ ጭፈራችን ከንቱ አልሆነም» ብለው ፈረዱ። እኔ በዚህ ጊዜ እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር፤ ጢሱ ነው ብዬ ዋሸሁ።

ወረቀቶቹ እንደ እርጥብ ቅጠል ተጣብቀዋል። ሃንታ ነጭ ጓንቷን አድርጋ አንድ በአንድ ታላቅቅ ጀመር። እማማ ራቬሉን ታውቃቸው የለ፤ ባላቸው ከራትሲምባ ጋር የተረሸነባቸው። መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉና፣

«ይቺ ልጅ ሙታኖቻችን የሚነክሷት መስሏት ነው እጇን የሸፈነችው?» አሉ።

«አይ እማማ፣ የእጄ ላብ ወረቀቱን እንዳይበላው ብዬ ነው።»

«ላብ የሚበላ ቢሆን ኖሮ ወንዶቻችን ገና መንገድ ሲቆፍሩ ባለቁ ነበር። አይዞሽ፣ ንኪያቸው።»

ልጅቷ ጓንቷን አላወለቀችም፤ በልቤ ደግ አደረገች አልኩ፤ ሥራዋን ታውቃለች። ወረቀቶቹን የሐር ፈትል በማሰጣበት ገመድ ላይ፣ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ በቀርከሃ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው። ጥቂቶቹ ሟሙተዋል። የብዙዎቹ ግን ዓይን፣ ጆሮ፣ ጢም እንዳለ ነው። ሰው ሁሉ በዓሉን ትቶ ወደ ግቢያችን ፈሰሰ። ሩዙና የአሳማ ሥጋው በትልልቁ ድስት ውስጥ ቀዘቀዘ። አሮጊቶች ከፊት ወደ ፊት እየዞሩ አነበቡ፤ ማንበብ የማይችሉት ደግሞ ስም ሳያስፈልጋቸው አወቁ። አንዱ ጎልማሳ «ይሄ ጆሮ የእኔ ነው» ብሎ የራሱን ጆሮ ይዞ ቆመ። አባቱን አይቶት አያውቅም፤ ሲረሽኑት ገና በእናቱ ሆድ ነበር። ልጆቹ መጥተው የሥዕሉን ጆሮ ካባታቸው ጆሮ ጋር አስተያዩት።

ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሣና ወረቀቶቹን ያገላብጣቸው ጀመር። ጀርባቸውን ያየነው ያኔ ነው። አጎታችን የሰረቀው ወረቀት የፈረንሳዮች የግዳጅ ሥራ መጥሪያ ኖሯል። በአንደኛው ፊት በትልልቅ ፊደል «ያልቀረበ ይታሰራል» ይላል። በሌላኛው ፊት ያልቀረበው ሰውዬ ራሱ ቁጭ ብሎ ያያል። ሃንታን ጠየቅኳት።

«በመስታወት ውስጥ ሲገባ ወደ ግድግዳ የሚዞረው የትኛው ፊት ነው?»

«ሥዕሉ ነው እትዬ የሚታየው። ጀርባው አይታይም።»

«እንግዲያ ያሰሩበት መጥሪያ ይደበቅላቸዋል ማለት ነዋ።»

ንፋሱ የገለበጠውን ወረቀት በጓንቷ ይዛ ወደ ሥዕሉ መለሰችው። ወንድሜ፣ አንተ መልስ ካለህ ጻፍልኝ። ራትሲምባ አንድ ጊዜ ታስሮላቸዋል። የሣላቸውም አንድ ጊዜ ታስረዋል። አሁን ደግሞ በገደሏቸው ሰዎች ከተማ፣ በቁልፍ ተዘግቶባቸው፣ በሰው ፈቃድ እንዲታዩ አልሰጥም። ማየት የፈለገ እዚህ ይምጣ። እንግዳ ሙት ቤት ሲመጣ እንደሚያደርገው ጨርቅ ይዞ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይምጣ። ሩዝ አንነፍገውም።

ልጅቷ ግን አንድ እውነት ተናግራለች፤ አልክድባትም። «እትዬ፣ ወደ መቃብሩ ከመለሳችሁት በሚቀጥለው ስትከፍቱ የምታገኙት ጭቃ ነው» አለችኝ። ይህ እንቅልፍ ነሳኝ። ለጠላት አልሰጥም ብዬ ለምስጥ ብሰጠው ምን ጀግንነት ነው?

አሁን ልነግርህ ወደፈራሁት ደርሻለሁ። ከጥቅሉ እምብርት፣ እናታችን ሆን ብላ በመሃል ካስቀመጠችው ቦታ፣ አንድ ሥዕል ወጣ። ከሁሉም የደረቀው እሱ ነበር፤ ሌሎቹ ከቦው ስለነበሩ። እስረኞቹ በግቢው ውስጥ በመደዳ ተሰልፈዋል። ከፊታቸው አንድ ሰው ቆሟል። ራሱ ላይ ጆንያ አጥልቀውለታል፤ ለዓይኑ ሁለት ቀዳዳ አለው። ክንዱን ዘርግቶ ወደ አንዱ እስረኛ ይጠቁማል። ከጆንያው በታች ያለው ሰውነት ማንም ሊሆን ይችላል። እግሩ ግን ባዶ ነው። ራትሲምባ የሰዎቹን ፊት በጥድፊያ ሥሎ፣ ይህንን እግር ግን ጊዜ ወስዶ ሥሎታል፤ የእያንዳንዱን ጣት ጥፍር ሳይቀር። አውራ ጣቱ ጎረቤቱን ጣት አዝሏል።

በሌሎቹ ሁሉ ሥር ስም ጽፏል። በዚህኛው ሥር አልጻፈም።

ሃንታ ብልህ ናት፤ ወዲያው ዓይኗ ያዘው። «እትዬ፣ ይሄኛው ለምን ስም የለውም?» አለችኝ። «ከሰሉ አልቆበት ይሆናል» አልኳት። ዓይኔን አየችኝና ሌላ አልጠየቀችም።

እጄ ላይ ነበር ወረቀቱ። ምድጃው አጠገቤ ነበር። አልደብቅህም፤ አስቤዋለሁ። አንድ ወረቀት ነው፤ ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ እሳቱም ደህና ይነድ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ዝምታ ግን ውሃ ገብቶት ነቅዟል። እናታችን ልታቃጥለው ትችል ነበር፤ አላቃጠለችውም። ራትሲምባ ስሙን ሊጽፍ ይችል ነበር፤ አልጻፈውም። አንዷ ጠበቀችው፣ አንዱ ማረው። ሦስተኛዋ ተነሥቼ የማቃጥለው እኔ ማን ነኝ? ወስጄ ከሌሎቹ ጋር ገመዱ ላይ፣ ሰው በሚያይበት መሃል ሰቀልኩት። መቆንጠጫው ሁለቴ ወደቀብኝ።

ሰው መጣ፣ አየ፣ አለፈ። አንዳንዱ ቆም ብሎ ወደ እኔ ዞር አለ፤ ዓይኔን አልሰበርኩም። እማማ ራቬሉ መጡ። የጣቱ ጫፍ የሚጠቁምበትን እስረኛ አዩ፤ ባላቸው ነው። ከዚያ ወደ ታች ወርደው እግሩን ረዥም ጊዜ ተመለከቱ።

«እግሩን አሳምሮ ሥሎታል» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«ልጄ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ሩዝ ማሳ የሚገባ ሰው ሳይ ዝም ብዬ የኖርኩት ዓይኔ ታሞ መስሎሻል?»

ጉልበታቸውን ልይዝ ጎንበስ ስል በቁጣ ገፉኝ። «ተነሺ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል። አንቺ ምን አደረግሽ?» አሉኝ። በማግሥቱ ሙታኑን ተሸክመን ስንጨፍር፣ የአባታችን ጥቅል ሲወጣ ትከሻ የሚሰጥ ሰው ሲያመነታ አየሁ። ሰልፉ ቆመ። ከሰው መሃል እማማ ራቬሉ በዚያ ሲባጎ በመሰለ ቀጭን ክንዳቸው ሰው እየገፉ ወጡና ከፊት በኩል ገቡበት።

«ምን ትገተራላችሁ? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። እኔ ቂሜን ይዤ አልጨፍርም። ንፉት መለከቱን» አሉ።

ተነፋ። ጨፈሩ። እኔም ከኋላ ይዤ ጨፈርኩ። ወንድሜ፣ አባታችንን እንደዚያ ቀን ወድጄውም ጠልቼውም አላውቅም። ሁለቱም በአንድ ትከሻዬ ላይ ነበሩ፤ ከባድ ነው፤ እሱ እንደ ራትሲምባ አይቀልም።

በዓሉ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ወረቀቱ የእኛ ቤተሰብ ብቻ አይደለም፤ የሰው ሁሉ አባት ፊት አለበት። ስለዚህ አንተ ልትሰጥ፣ እኔም ልነፍግ ብቻችንን አንችልም ተባለ። ከመንደሩ አይወጣም፤ ወደ መቃብርም አይመለስም። ታዲያ የት ይደረግ? የሣር ክዳኑ የማያፈስ ቤት የለንም። ሁሉም ዞሮ ዞሮ እኔን ማየት ጀመረ። በመንደሩ ከክረምት እስከ ክረምት ጠብታ የማይገባበት ቤት አንድ ብቻ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ያ የቤታችን ቆርቆሮ በአመፁ ማግሥት፣ ሌላው ሰው ቤቱ ተቃጥሎ በየጫካው ሲያድር፣ በፈረንሳዮች መኪና ተጭኖ ለአባታችን መጣለት። ለምን እንደመጣለት ልጅ ሆነን ጠይቀን ነበር፤ «ስለሠራሁ ነው» አለን።

ቤቱን ሰጠሁ። ግማሹ የአንተ ነው፤ አውቃለሁ። ሸጠህ በከተማ መሬት ልትገዛበት እንዳሰብክም አውቃለሁ። ክሰሰኝ። አምቡሲትራ ፍርድ ቤት ድረስ በእግሬ መጥቼ፣ ስጠየቅ የምመልሰውን እመልሳለሁ፤ ዳኛው «ለምን ሰጠሽ?» ቢለኝ ግን መልሱን ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። ባትከሰኝ ይሻልሃል።

ግድግዳውን በነጭ አፈር ለቀለቅነው። ገመድ ከግድግዳ ግድግዳ ዘረጋንና ሰቀልናቸው፤ ንፋስ ከመስኮት ሲገባ ይገላበጣሉ፤ ፊታቸውም መጥሪያውም ይታያል። ሃንታ ምስጥና ጭስ እንዳይደርስበት ምን ማድረግ እንዳለብን አሳየችን፤ ተመልሳ እንደምትመጣም ቃል ሰጥታኛለች። እማማ ራቬሉ ዳር ዳር እያሉ አንድ የወንድም ልጃቸውን ለእሷ እያሰቡ ነው።

ራትሲምባም ባዶ አልቀረም። እናታችን መጀመሪያ የጠቀለለችበት ያ ጨርቅ፣ ወረቀቱ ሲርስ ከሰሉን ጠጥቶ ኖሮ፣ በፀሐይ ብንይዘው ፊቶቹ ጥላ ሆነው ታትመውበታል። እሱን አጥፈን፣ በዚህ ክረምት የሸመንኩትን ሐር አለበስነውና ከአባቶቹ ጎን መለስነው። የማዕዘኑም ድንጋይ ተደፍኗል። ከአባታችን ጎን ነው የተኛው፤ እንደ ድሮው።

እንግዲህ ወደ ጽሑፍህ ልመለስ። «ጎን ለጎን ቆሙ» የሚለውን ሰርዘው። በምሥጢር የሚለውን ተወው ብልህ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱንም ሰርዘው። ለሙዚየሙ ሰዎች እህቴ አሻፈረኝ አለች በላቸው፤ ያልተማረች ገጠሬ ናት በላቸው፤ የፈለግከውን በላቸው፤ አልቀየምህም። ለአባታችን የሐሰት ክብር ግን በራትሲምባ ከሰል አትጻፍ። አጎታችን ዝም ማለት ፈልጎ ዝም አለ፤ ዝምታውን አንተ በውሸት አትሙላበት። እኔም ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ና። ሚስትህንም ልጅህንም ይዘህ ና። በሩ አይቆለፍም። ስም የሌለው ሥዕል የተሰቀለው ከበሩ ፊት ለፊት፣ አባታችን ወንበሩን ያስቀምጥበት በነበረው ጥግ ነው። ወለሉ አዲስ ሰሌን ተነጥፎበታልና ማንም ጫማ አድርጎ አይገባም። በየበዓሉ «ብርድ አልችልም» እያልክ በተወለወለ ጫማህ ከመቃብሩ አጥር ውጪ መቆምህን እስከ ዛሬ ኩራት ነው ብለን አልፈነዋል፤ የአባታችንንም ኩራት ነው ብለን ነበር። እዚህ ግን ታወልቃለህ። እማማ ራቬሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። እግርህን ቢያዩ አትደንግጥ፤ አዲስ አይሆንባቸውም። ሩዝ በልተሃል ወይ ብለው ነው የሚጠይቁህ።

ልጅህን እደጊልኝ፣ ሳልሽ ይልቀቅሽ በልልኝ። ለሚስትህ የሸመንኩትን ነጠላ ሃንታ ይዛላታለች። እግዚአብሔር እንጀራህን ያስፋልህ፣ ከክፉ ይሰውርህ። አባቶቻችን፣ ስማቸው የተጻፈውም ያልተጻፈውም፣ መንገድህን ይጠብቁልህ።

ጫማህን ደጃፍ ላይ የምትጠብቅልህ
ታላቅ እህትህ